አማቴን ወፍ ያለው ማሽን

ትዳር የሚያስብ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ ሽማግሌ የሚልክበትን ቤት በማሽን እንዳያስመረምር እነግረው ነበር። የሚጠይቀኝ ግን የለም። ሰው ምክር የሚፈልገው በወግ በማዕረግ ካገባ ሰው እንጂ፣ ቡና ማሳ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ አማቱ ሲሰድቡት ከሰማ ሰው አይደለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር። ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ጅማ ውስጥ ብርቅ ስላልሆነ እንግዳ አልሆንባችሁም።

የምኖረው እዚያው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ነው። ሥራዬን ያስረዳሁት ሰው ሁሉ ከማስረዳቴ በፊት የተሻለ ገብቶት ነበር። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ወፍ ይጠብቃል» ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ ማሽላ ማሳ ላይ ወንጭፍ ይዤ የቆምኩ እየመሰለው ያዝንላታል። ነገሩ እንዲህ ነው። በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ጫካዎች ውስጥ ዛፍ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ሳጥኖች እንሰቅላለን። ሳጥኑ ሌት ተቀን ይቀዳል፤ ወፍ፣ ጉሬዛ፣ እንቁራሪት፣ የሚንጫጫውን ሁሉ። ከዚያ ቅጂው ኮምፒውተር ውስጥ ላለ በራሱ ለሚማር ፕሮግራም ይሰጥና፣ «ይኼ እንትን የሚባል ወፍ ነው፣ ይኼ ጉሬዛ ነው» እያለ ይለያል። በየትኛው ጫካ ውስጥ ምን እንደቀረ፣ ምን እንደጠፋ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የእኔ ሥራ ሳጥኑን መስቀል፣ ማውረድ፣ ከዚያ ማሽኑ ያለውን በጆሮዬ ሰምቼ «ትክክል» ወይም «ስሕተት» የሚለውን መጫን ነው። ማሽኑ የሚማረው ከዚህ ነው፤ ተማሪው እሱ፣ መምህሩ እኔ። ከአከራዬ አውራ ዶሮ በቀር የአንድም ወፍ ድምፅ ለይቼ የማላውቀው ሰውዬ ትንሽ ሥልጠና ተሰጥቶኝ መምህር ሆንኩ። በአገራችን እንዲህ ያለ መምህር የመጀመሪያው አይደለሁም።

ሰናይትንም ያወቅኳት በዚሁ ሥራ ነው። ከዛፍ ወድቄ ክንዴ ተላልጦ እሷ ወደምትሠራበት ፋርማሲ ሄድኩ። ምን ሆነህ ነው ስትለኝ የወፍ ድምፅ ልቀዳ ስል ነው አልኳት፤ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ምንም ሳልሆን ፋሻ እገዛ ጀመር። ቤቴ በፋሻ ሲሞላ ሽማግሌ ላክ አለችኝ። ሽማግሌ የሚላክባቸው አባቷ ደግሞ ጋሽ ወርቁ ናቸው።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ማይክ ነበረው አሉ፤ እሳቸው ግን ማይክ ድምፅ ለሌለው ሰው ነው ብለው ዕቃ ቤት አስቆልፈውበታል። ጠዋት ሰልፍ ላይ አንዱን አርፋጅ ሲቆጡ፣ ማዶ ገበያ ያለች ሽንኩርት ሻጭ ደንግጣ ሚዛኗን ታስተካክል ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ድምፃቸው አብሮ አልወጣም። አሁን አጋሮ መንገድ ላይ ከምትገኝ ትንሽ የቡና መሬታቸው ውስጥ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት ቡናው መካከል ቆመው ስለ ሰዓት አክባሪነት፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ አገር ፍቅር ይናገራሉ። ቡናው ተሰልፎ ያዳምጣል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች «ምን ያድርግ፣ ሰሚ አጥቶ ነው» ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት።

የፕሮጀክታችን ኃላፊ ዶክተር ራሄል ትባላለች። ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ወፍ ስታይ ምሳዋን የምትረሳ፣ እኛም የእኛን እንድንረሳ የምትጠብቅ ሴት ናት። አንድ ቀን፣ ትልልቅ የጥላ ዛፎች ያልተቆረጡበት የቡና መሬት በአጋሮ መንገድ በኩል የሚያውቅ አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ እጄ ከአፌ ቀድሞ ተነሣ። የታየኝ ወፉ አይደለም። የታየኝ እኔ ነኝ፤ ጋሽ ወርቁ መሬት ላይ፣ መሰላል ይዤ፣ ባርኔጣ አድርጌ፣ በሳይንስ ሰውነት ስንጎራደድ።

ጋሽ ወርቁ ሳጥኑን አገላብጠው አዩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ሰው ሲያወራስ? እሱንም ይቀዳል?»

«ጋሼ፣ ማሽኑ ሰውና ወፍ ይለያል። የሰው ድምፅ እንደሰማ ራሱ ይሰርዘዋል። ማንም አይሰማውም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በእናቴ» አልኩ። የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ በእናቴ ስም ያጸናሁት ሰው እኔ ነኝ።

ከመሬቱ መካከል የሚያህለው የሌለ ሾላ አለ። ሳጥኑን እዚያ ላይ ሰቀልኩ፤ ምክንያቱም ለመውጣት የሚመቸው እሱ ብቻ ነበር። ከሥሩ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ድንጋዮች አይቼ ምን ያለ ምቹ ቦታ ነው አልኩ እንጂ፣ ድንጋይ በራሱ ፈቃድ ክብ ሠርቶ እንደማይቀመጥ አልታየኝም። ለካ የአካባቢው ሽማግሌዎች የተጣላ የሚያስታርቁት፣ ወሰን የሚለዩት፣ ትልቅ ጉዳይ የሚመክሩት እዚያ ነው። ሳጥኑን ከሰቀልኩ በኋላ እዚያው ላይ ጥቂት ቆይቼ አካባቢውን አጠናሁ። ይቺን «ጥቂት ቆይቼ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሰው ሳጥኑን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም። አረንጓዴ ነው፣ መብራት አለው፣ የሚያዳምጥ ነው ተብሏል። በዚህ አገር የሚያዳምጥ ነገር ከተገኘ ደግሞ ጉዳይ የሌለው ሰው የለም። እትዬ ዘነበች እንደነገሩኝ፣ አንዲት እናት መጥተው የጎረቤታቸው ፍየል ጎመናቸውን እንዴት እንደፈጀች ከነፍየሏ ጠባይ አስረዱት። አንዱ ጎልማሳ የመብራት ምሰሶ ከተተከለ በኋላ ሽቦው የት እንደቀረ ጠየቀው። ሌላው ደግሞ ለመናገር አፍሮ ጉዳዩን በልጁ በኩል አቀረበ። ማሽኑም ቃሉን ጠብቆ ሁሉንም ሰው ናቸው እያለ ሰረዛቸው። እንደ ብዙ ጽሕፈት ቤት ማለት ነው።

በመስከረም ሽማግሌ ላክሁ። መሪያቸው አባ ፊጣ ነበሩ፤ የጋሽ ወርቁ የድንበር ጎረቤት፣ ሐጅ አድርገው የመጡ፣ በሄዱበት ሁሉ ነገር የሚሰምርላቸው አዛውንት። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ወርቁ ቤተሰብ እንማከር ብለው፣ እሑድን ዘልላችሁ በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ አሏቸው። ይኼ ያለ ነው። በመጀመሪያ ጥያቄ ልጁን የሚሰጥ አባት ልጁ ያስቸገረችው ይመስላል። እኔም ወጉን ስለማውቅ አልደነገጥኩም፤ እንቅልፍ ብቻ ነው ያጣሁት።

በዚያው ሳምንት የሳጥኑን ቅጂ አውጥቼ ለማሽኑ ሰጠሁት። ማሽኑ አሰላሰለ፣ አሰላሰለና ሆርንቢል አገኘሁ አለ። ሆርንቢል የሚሉት ያን ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት የሚመስለውን ትልቁን ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። ድምፁ፣ አህያ ልታናፋ ጀምራ ሐሳቧን ስትቀይር ማለት ነው። ጫጩቱን የሚፈለፍለው ትልልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥ ስለሆነ፣ ዛፉ ሲቆረጥ ወፉም ይሄዳል፤ በዚያ በኩል ከጠፋ ቆይቷል ይባል ነበር። ለማረጋገጥ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ።

መጀመሪያ ጉሮሮ ተጠረገ። ቀጥሎ ረጅም ሳቅ መጣ። ከሳቁ በኋላ በዓለም ላይ የማልስተው ድምፅ፣ «ይኼ ልጅ…» አለ።

ማዳመጫውን ነቅዬ ጣልኩት።

ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ሾላው ሥር ተቀምጠው ስለ እኔ ሲመክሩ ነው። ማሽኑ የአገሩን ሰው ሁሉ ሰው ነው ብሎ ሰርዞ፣ እሳቸውን ብቻ ወፍ ናቸው ብሎ አስቀርቷቸዋል።

አሁን ሐቀኛ ሰው ቢሆን «ስሕተት፣ ሰው ነው» የሚለውን ይጫናል። ግን መመሪያ አለን፤ የሰው ድምፅ አምልጦ ከተገኘ ለባለ መሬቱ ይነገረዋል፣ ቅጂውን ራሱ ይሰማል፣ ይጥፋ ካለ ይጠፋል። በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። እኔ ማዳመጫ ይዤ ጋሽ ወርቁ ፊት ቆሜ፣ ጋሼ፣ በእናቴ ምዬልዎት ነበር፣ አሁን ስለ እኔ ያሉትን አብረን እንስማ ስላቸው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቀርቶ ፓትርያርክ ብልክ ልጅ አይሰጡኝም። አማራጩ አንድ ብቻ ነበር። ጣቴን አነሣሁና «ትክክል» የሚለውን ተጫንኩት። የልጅቷን አባት ወፍ መሆናቸውን ያረጋገጥኩት እንዲህ ነው።

ከ«ይኼ ልጅ» በኋላ ምን እንደሚመጣ አልሰማሁም። ለመስማት ደፋር፣ ላለመስማት ደግሞ እንቅልፋም መሆን ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም አይደለሁም። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ «ይኼ ልጅ ጨዋ ነው» ብዬ እጨርሰዋለሁ። ስወርድ «ይኼ ልጅ ምን ቆርጦት ነው» ይሆናል። ሳሙና ልገዛ ሱቅ ሄጄ «ይኼ ልጅ» ብዬ ቆሜ ቀርቼ ባለሱቁ የትኛው ልጅ ብሎኛል።

ማሽኑ ግን ጎበዝ ተማሪ ነው። መምህሩ ትክክል ያለውን አይረሳም። ይኼ ድምፅ ሆርንቢል ነው ከተባለ ብሎ፣ በቀጣዩ ቅጂ የጋሽ ወርቁን ሳል ሆርንቢል አለ። ማስነጠሳቸውን፣ ጉሬዛ ሲያባርሩ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነት ሲናገሩ፣ እትዬ ዘነበችን ምሳ ደረሰ ወይ ብለው ሲጠሩ፣ ሁሉንም ሆርንቢል አለ። አንዴ የጀመርኩትን ማቆም ስላልቻልኩ ዓይኔን ጨፍኜ ትክክል፣ ትክክል እላለሁ። ውሸት እንደ እርሾ ነው፤ ትንሽ ጣል ካደረጉት ሌላውን ሁሉ ራሱ ያቦካዋል።

አንድ ቀን ዶክተር ራሄል ጠራችኝ። ወፍ በተሰማ ቁጥር የሚቀላው ካርታችን ላይ የጋሽ ወርቁ መሬት ቀልቶ ቀልቶ ሊፈነዳ ደርሷል። የወፉ ጠባይ በጣም ገርሟታል። ጠዋት ከቁርስ ሰዓት በኋላ በኃይል ይጮሃል፤ እሑድ ግን እስከ ረፋድ ድምፁ የለም። እሑድ ጠዋት የት ሊሄድ ይችላል ብላ ጠየቀችኝ። ቤተ ክርስቲያን ልላት ጥቂት ቀረኝ። ይባስ ብሎ ረቡዕና ዓርብ እስከ ከሰዓት ድረስ ድምፁ ይደክማል። የምግብ እጥረት ይሆን ስትለኝ፣ እጥረት እንኳ አይመስለኝም፣ ራሱ ነው የሚተወው አልኳት። የሚጾም ወፍ በዓለም ላይ አልተመዘገበም። እሷ ግን የምትጽፈው ጽሑፍ ርእስ እንኳ ታይቷት ነበር።

«እሑድ እንሄዳለን» አለች። «በድምፅ እንጥራው።»

እሑድ ማለት ሽማግሌዎቹ መልስ የሚቀበሉበት እሑድ ነው። መንገዱ ተበላሽቷል አልኳት፤ መኪናችን ጠንካራ ነው አለች። ይዘንባል አልኳት፤ ወፉ ዝናብ ይወዳል አለች። ባለ መሬቱ እንግዳ አለባቸው አልኳት፤ በጓሮ በኩል ገብተን ማንንም ሳንረብሽ እንመለሳለን አለች። የዋህ ሰው ክፉ ነው፤ ለሁሉም ነገር መልስ አለው።

ማታውን ለሰናይት ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«አባዬን ወፍ አልካቸው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔ… አረጋገጥኩ።»

ስልኩን ዘጋችው። ወዲያው መልሳ ደወለች። «ይኼ ልጅ ካሉ በኋላ ምን አሉ?» ስትለኝ አልሰማሁም አልኳት። አሁን ግን ሳትዘጋው፣ አባቷ ያን ድምፅ ሾላው ላይ ሆኖ ከሰሙት በሕይወታቸው ሁለተኛ እንደማያምኑኝ፣ እሷም እሳቸው ያላመኑትን ሰው ለማግባት ድፍረት እንደሌላት ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። ከዚያ ስልክ በኋላ ነው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ከዶክተሯ ጋር በወንዙ በኩል ገብተን ቡናው ውስጥ በሆዳችን ተኛን። ሰው ሽማግሌ በላከበት ቀን ከአካባቢው መራቅ ነበረበት፤ እኔ ከግቢው አጥር ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ላይ ተጋድሜያለሁ። ሾላው ሥር ድምፅ ማጉያ አስቀምጠናል። ዘዴው የታወቀ ነው፤ የወፉን ድምፅ ታሰማለህ፣ ወፉ ሌላ ወፍ ቀዬዬን ደፈረ ብሎ ሊጣላ ይመጣል። እኔ እንኳ ከሌላ አገር የተቀዳ እውነተኛ የሆርንቢል ድምፅ አዘጋጅቼ ነበር። ዶክተሯ ግን የራሱ የአካባቢው ድምፅ ይሻላል ብላ፣ ማሽኑ ከሁሉ በላይ እርግጠኛ የሆነበትን ቅጂ ራሷ ጭናዋለች። አልሰማችውም፤ አንተ አረጋግጠኸዋል አይደል አለችኝ። አዎ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የሌሎቹ ድምፅ እኛ ጋ አይደርስም። የጋሽ ወርቁ ግን ማን ሊያስቀረው።

«ልጄ ገና ናት» አሉ። የዶክተሯ ስልክ ብልጭ አለ፤ ፕሮግራሙ እዚያው እየሰማ ነው። ሆርንቢል አለ።

«ዘመድ አልተስማማም» አሉ። ሆርንቢል።

«እስኪ ሌላ ጊዜ ሞክሩ» አሉ። ሆርንቢል፣ ሆርንቢል።

እኔ ልቤ እየተሰበረ ነው፤ ዶክተሯ ደስታዋን መቻል አቅቷታል። «በጣም ቅርብ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ማጉያውንም ከፈተችው።

ጉሮሮ ተጠረገ። ረጅሙ ሳቅ ከሾላው ሥር ተነሥቶ ቡናውን ሞላው። ቀጥሎ፣ ስንት ቀን እንቅልፍ የነሣኝ ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው መጣ።

«ይኼ ልጅ ጅል ነው፣ አባ ፊጣ። ሾላው ላይ ወጥቶ መሰላሉን በእግሩ ገፍቶ ጣለው። መውረጃ ቢያጣ፣ ወፍ እያዳመጥኩ ነው ብሎ እስከ ምሳ እዚያው ተቀመጠ። ኋላ ዘነበች ናት አዝና መሰላሉን ያቆመችለት።»

«ጥቂት ቆይቼ» ያልኳችሁ ይቺው ናት።

ከዚያ ትንሽ ዝምታ ሆነ። አባ ፊጣ የመለሱበት ቦታ ነው፤ እሳቸውን ማሽኑ ሰው ናቸው ብሎ ሰርዟቸዋል። ዶክተሯ ፊቷን አዙራ አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ሁለተኛ እንዳላይ እለምናለሁ። ልታጠፋው ስልኩን ብትነካ፣ ስልኩ ከማጉያው ጋር ተለያይቶ አልታዘዝም አለ። ድምፁ ቀጠለ።

«ልቡ ግን ደግ ነው። ሰናይትም ወድዳዋለች። እሰጣታለሁ፤ እምቢ የምልበት ምክንያት የለኝም። በቀጠሮው ግን እሺ አልልም። ቡናው እስኪለቀም ላመላልሳቸው። እኔን የዘነበች አባት ያመላለሱኝ እንዲሁ ሊቀር ነው?»

በረንዳው ላይ ሁሉም ተነሣ። ከዚያ የጋሽ ወርቁ ከዘራ፣ ከኋላውም ጋሽ ወርቁ፣ ከኋላቸውም ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቡናውን እየገፉ መጡ። ሾላው ፊት ቆመው፣ «ማነው እዚያ?» አሉ። ማጉያው ከመጀመሪያው ጀምሮ ጉሮሮውን ጠረገና ሳቀባቸው።

«ማን ላይ ነው የሚሳቀው?»

«ይኼ ልጅ ጅል ነው» አለ ሾላው።

«እሱን አውቃለሁ። አንተ ማነህ ነው የምልህ?»

«እሰጣታለሁ» አለ ሾላው።

«የማንን ልጅ ነው የምትሰጠው? እኔ ሳልፈቅድ?» ከዘራቸውን ወደ ዛፉ አነሡ።

ያን ጊዜም ቢሆን ዶክተሯ ዶክተር ናት፤ ንዴቷ ሳይበርድ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ለጥሪው ምላሽ እየሰጠ ነው እኮ» አለችኝ።

አባ ፊጣ ቀረብ ብለው የጋሽ ወርቁን ክንድ ያዙ። «ቱሪ፣ ጋሽ ወርቁ፣ ይቆዩ። ይኼ እርስዎ ነዎት። ወላሂ እኔም እዚህ ድንጋይ ላይ ነበርኩ። ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ብለዋል።» አባ ፊጣን የእኔ ሽማግሌ አድርጌ ልኬያቸዋለሁ። ለካ ጋሽ ወርቁም ስለ እኔ የተማከሩት ከእሳቸው ጋር ነው። መልሱን እያወቁ ልብሳቸውን ለብሰው መልስ ሊጠይቁ መጥተዋል። እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂ ሰው ባለበት አገር ነው እኔ ሳጥን የሰቀልኩት።

ነገሩ የእኔ ሳጥን ሥራ መሆኑ ለጋሽ ወርቁ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በሙሉ ድምፃቸው፣ ማይክ ባስቆለፈው ድምፅ፣ «ልጅ! የት ነህ?» አሉ።

ልነሣ ጉልበቴን ስሰበስብ ከሰማይ ሌላ መልስ መጣ።

መጀመሪያ የክንፍ ድምፅ ነበር፤ ከባድ፣ ሸማ ሲራገፍ ዓይነት። ከዚያ አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ መንጋ ሆነው ሾላው ላይ ዐረፉ። ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃራቸው ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነባቸው። የዛፉ ጫፍ በክብደታቸው ጎበጠ። ጋሽ ወርቁ ደንግጠው «እናንተ ደግሞ ምንድን ናችሁ?» ሲሉ፣ መንጋው በአንድ አፍ መለሰላቸው። ዝም አሉ፤ ወፎቹም ዝም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከላይ ተጠረገላቸው። ማጉያው ጠፍቶ ነበር፤ ባትሪው አልቆ ይሁን አፍሮ አላውቅም። ወፎቹን የጠራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዶክተር ራሄል ተነሥታ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እንባው ለወፎቹ ነው፣ ቁጣው ለእኔ። ወደ ጋሽ ወርቁ ሄዳ ራሷን አስተዋወቀች፤ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን፣ ድምፃቸው ያለ ፈቃዳቸው መቀዳቱን ነገረቻቸው። አሁኑኑ ሁሉንም እናጠፋለን፣ ሳጥኑንም እናነሣለን፣ ይቅርታ ያድርጉልን አለች። እኔ ከኋላዋ ሣር ከሸሚዜ ላይ እየለቀምኩ ነው። ጋሽ ወርቁ እሷን ትተው እኔን አዩኝ።

«ማሽኑ እኔን ምን አለኝ?»

«ወፍ» አልኩ።

«የትኛውን ወፍ?»

በጣቴ ወደ ላይ አሳየኋቸው። ትልቁ ወፍ በዚያ ጊዜ ምንቃሩን ቅርንጫፍ ላይ ይስል ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተ የምታረጋግጠው አይደለህ? ምን ብለህ አረጋገጥክ?»

«ትክክል ብዬ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አባ ፊጣ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«ለምን?»

«ጋሼ፣ ይኼ ልጅ ብለው ሲጀምሩ ፈራሁ። ሰው ናቸው ካልኩ ቅጂው ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።»

«መቼ ነው ታዲያ የሰማኸው?»

«አሁን ነው። ከእርስዎ ጋር።»

ጋሽ ወርቁ ፊታቸው ምንም አልነበረበትም፤ ከዚያ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ተነቃነቀ። እኔ ላይ ማፍጠጣቸውን ትተው እንደገና ወደ ላይ አዩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ይመጣሉ?» ብለው ዶክተሯን ጠየቋት። እሷም በዚህ በኩል ከታዩ ዓመታት ማለፋቸውን፣ የመጡት ሾላው ስላልተቆረጠና ፍሬው ስለደረሰ እንደሚሆን፣ ግን ለድምፅ እንዲህ ሲመልሱ እሷም አይታ እንደማታውቅ ነገረቻቸው።

«ይሰሙኛል ማለት ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው። ቀስ ብለው ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ጋ ቆመው ነበር፤ ሰሚ አጥቶ ነው ያሉኝ ትዝ አለኝ። ሰናይት ከእናቷ ትከሻ ኋላ ሆና፣ እኔን ሳይሆን አባቷን ነበር የምታየው።

ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ድንጋዮቹ መካከል ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሰልፍ ፊት እንደነበሩት። ሽማግሌዎቹም ሳይታዘዙ ተስተካከሉ፤ እኔም ሳላውቀው እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ ለአባ ፊጣ።

ከዛፉ ላይ ጩኸት ተነሣ። እስኪያልቅ ጠበቁት፤ ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

«ሳጥኑን ግን አልሰጥም።»